ከአሮጌ ጋቢ፣ ከሲባጎና ከቆርኪ የሚለበስ ቅርፅ አሠራር

ኒክ ኬቭ የተባለው አሜሪካዊ ቀራፂ በ1992 ቺካጎ ውስጥ ግራንት ፓርክ ቁጭ ብሎ ሳለ መሬት ላይ የወደቀ ጭራሮ አየ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግ የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ ሲቀጠቅጡት የተቀረፀው ቪዲዮ አገሩን አናውጦት ነበር። ኬቭም ጥቁር ሰው ነውና ነገሩ ውስጡ ገብቷል። ተጥሎ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ነገር ላይ ዓይኑ ያረፈው በዚያ ስሜት ውስጥ ሆኖ ነው። ጭራሮውን ለቀመ። በአጭር በአጭሩ ቆራረጠው። አንድ በአንድ እየበሳ፣ በሽቦ እያሰረ፣ ሰውነትን በሚሸፍን ልብስ ላይ ደረደረው።

ያሰበው ቅርፅ ለመሥራት ነበር። ለብሶት ሲንቀሳቀስ ግን ልብሱ ጮኸ። «ሳውንድሱት»፣ ማለትም የድምፅ ልብስ፣ የሚለው የሥራዎቹ ስም የመጣው ከዚያ ነው። እስከ ዛሬ ከ500 በላይ ሠርቷል፤ በልብስ ቁልፍ፣ በቃጫ፣ ራፊያ በሚባለው የዘንባባ ቅጠል ቃጫ፣ በሹራብ፣ በአሮጌ መጫወቻ።

ሰው እነዚህን ሥራዎች ሲያይ ቀለሙና ጌጡ ይወስደዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከሥር ያለው ነው። በ2013 ኒውዮርክ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ውስጥ 30 ራፊያ የለበሱ ፈረሶች ሲጨፍሩ የየፈረሱ እግር ዳንሰኞች ነበሩ። ያን ሁሉ ነገር ተሸክሞ መጨፈር የሚቻለው ክብደቱ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ከታሰበ ብቻ ነው። ኬቭ ከታዋቂው የዳንስ ባለሙያ ከአልቪን ኤሊ ዘንድ ዳንስ የተማረ ሰው መሆኑ እዚህ ላይ በደንብ ይታያል።

እኛም ጋር ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። በታችኛው ኦሞ፣ ኦሞራቴ አካባቢ፣ የዳሰነች ሴቶችና ልጆች ከቆርኪና ከአሮጌ የሰዓት ማሰሪያ ራስ ላይ የሚደፋ ጌጥ ይሠራሉ። ከባድ ነው፣ ያማረ ነው፣ ይንሿሿል። አዲስ አበባ ደግሞ ኤልያስ ስሜ አለ። በ1990 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቆ፣ መጀመሪያ በክርና በቁልፍ፣ በኋላ ከመርካቶ በሚገዛው የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒዩተር ሰሌዳ ሰፋፊ ሥራዎችን ሠርቷል። የእሱ የሚሰቀል እንጂ የሚለበስ አይደለም፤ እጁ ግን የልብስ ሰፊ እጅ ነው።

በዚህ መመሪያ የምንሠራው ካባ ነው። ትከሻ ላይ የሚያርፍ ጠንከር ያለ አንገትጌ አለው፤ ከአንገትጌው እስከ ክርን የሚወርድ ጨርቅ፣ በጨርቁ ላይ የተደረደረ ቆርኪ። ቅርጹን የቀድሞ መኳንንት ይለብሱት ከነበረው ለምድ ጋር ብታዛምዱት አልቃወምም። ሰፊ ጊዜ መድቡለት። ቅዳሜና እሁድን ብቻ ይዛችሁ ከጀመራችሁ እሁድ ማታ የሚኖራችሁ ግማሽ አንገትጌ ነው።

መጀመሪያ ሚዛን

ብዙ ሰው የሚጀምረው ነጠላ ዘርግቶ ቆርኪ በመስፋት ነው። ነጠላው መጀመሪያ ይለጠጣል፣ ቀጥሎ ይቀደዳል። ያልተቀደደ እንደሆነ ደግሞ የለባሹን አንገት ወደ ኋላ ይጎትታል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የኩሽና ሚዛን ፈልጉ።

አንድ ቆርኪ ሁለት ግራም ገደማ ይመዝናል። ሲነገር ምንም አይደለም። 300 ሲሆን ግን 600 ግራም አለፈ ማለት ነው። በዚያ ላይ ጋቢው፣ ገበሩ፣ ሲባጎው፣ ሽቦው አለ። ለካባ እኔ ከሦስት ኪሎ አላልፍም። ራስ ላይ የሚደፋ ከሆነ ግማሽ ኪሎ ላይ አቆማለሁ። ጥጥና ቃጫ ውሃ እንደሚጠጡም አትርሱ፤ ደረቅ ሆኖ ሁለት ኪሎ የነበረ ነገር ሐምሌ ላይ ደጅ ከወጣ ሌላ ነገር ነው።

ሰውነት ላይ ክብደት በደህና የሚያርፍባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፦ ትከሻ፣ የዳሌ አጥንት አናት፣ ራስ። ትከሻ ስል ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ ጫፍ ያለውን ሥጋ ያለበትን መሐል ማለቴ ነው። ከፊት ያለው የትከሻ አጥንት ላይ ካረፈ ያማል። አንገት ሥር ከተጠጋ ያደክማል። የተራራ ወጪዎች ሻንጣ ወፍራም የወገብ ቀበቶ ያለው ጭነቱን ወደ ዳሌ ለማውረድ ነው። ሥራችሁ ከሦስት ኪሎ የሚያልፍ ከሆነ እናንተም ከውስጥ ወገብ የሚያስር ቀበቶ ጨምሩ።

የሚለብሰውን ሰው አስቁሙት። እጁን ያንሳ፣ ይቀመጥ፣ ዞር ይበል፣ በር ይግባ። እስክስታ የሚወርድበት ከሆነ እስክስታ ይውረድ። የት የት እንደሚንቀሳቀስ በቾክ ምልክት አድርጉበት። እስክስታ የሚያውቅ ሰው ትከሻ ላይ ደረቅ ነገር መጫን ማለት ሥራውን መከልከል ማለት ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ለባሽ አንገትጌውን ጠባብ፣ ጨርቁን ረጅም አድርጉት።

የሚያስፈልገውን መሰብሰብ

አንድ ያረጀ ጋቢ፣ ሦስት ሜትር አቡጀዲ፣ ወፍራም ሲባጎ ወይም የቃጫ ገመድ፣ ወስፌ፣ ትልቅ መርፌ፣ ጠንካራ ክር፣ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ቀጭን ሚስማር፣ ቀጭን ሽቦና 300 ያህል ቆርኪ። አለቀ። ሌላው በእጃችሁ ባለው ይወሰናል።

አዲስ አበባ ላላችሁ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ቀኑ ይመሽባችኋል እንጂ የምትፈልጉት አይጠፋም። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያሉ የሚዞሩት ልጆችም ካነጋገራችኋቸው ለይተው ያመጣሉ። ቆርኪ ከግሮሰሪ በነፃ ይገኛል። ከአስተናጋጆቹ ጋር ተስማምታችሁ አንድ ባሊ አስቀምጡ፤ ሳምንት ሳይሞላ ይጠግባል። ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ሱቅ አለ። የአገር ቤቱን ጋቢ ግን እዚያ አታገኙትም፤ ጓዳችሁ ውስጥ ተጣጥፎ የተቀመጠው ይኖራል።

ስለ ጋቢው አንድ ነገር። የእናት ወይም የአያት ልብስ ከሆነ መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ቤተሰቡን ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን ያገለገለ ልብስ ደግሞ ጨርሶ አይነካ። ጥለቱ ያማረ ከሆነ አትቆራርጡት፤ ሳይጎዳ ፍቱትና የካባው ጠርዝ ላይ ይግባ።

ጽዳት እዚህ ላይ ቀልድ አይደለም። ሰልባጅ ልብስ በፈላ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ ስፌት ስፌቱ በጋለ ካውያ ይተኮስ፤ እናቶቻችን ለቅማል የሚያደርጉት ነው፣ ይሠራል። ቆርኪ በሳሙና ውሃ ይቀቀል። የማዳበሪያ ከረጢት መጠቀም ከፈለጋችሁ ጓንት አድርጋችሁ ደጅ እጠቡት፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ማንኛውንም ዕቃ፣ ከሆስፒታል የወጣ ፕላስቲክ፣ አሮጌ ባትሪ አትንኩ። ምን ቢያምር አትንኩ። ከተቃጠለ ሞተር የሚወጣው የመዳብ ሽቦ ለሥራችን በጣም ጥሩ ነው። ልባሱን ለማስለቀቅ ብላችሁ ግን አታቃጥሉት፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ ልባሱም ቢኖር ጉዳት የለውም።

የለባሹን አካል መቅዳት

ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት የቆመ አሻንጉሊት ካላችሁ እለፉት። ከሌላችሁ በቤት ውስጥ ይሠራል።

ለባሹ የማይፈልገውን ጠባብ ቲሸርት ይልበስ። ሰፊ የካርቶን ፕላስተር ውሰዱና ከደረቱ በታች ጀምራችሁ ዙሪያውን ለጥፉ። አጫጭር አድርጋችሁ ቆራርጡት፤ ረጅሙን እየሳባችሁ የምትጠመጥሙት ከሆነ ደረት ይጨፈልቃል። ወደ ትከሻ ስትደርሱ በሰያፍ፣ አንዱ ሌላውን እያቋረጠ ይሂድ። ሦስት ንብብር ይበቃል። አንገቱን በፕላስተር አትክበቡት፤ የቲሸርቱ አንገት ላይ አቁሙ። ለባሹ ይቁም እንጂ አይጨነቅ፣ ሞቆኛል ወይም ዞረብኝ ካለ ወዲያው ቅደዱለት። በነገራችን ላይ ይህን ሥራ ብቻችሁን በራሳችሁ ላይ መሞከር አይቻልም፤ ሰው ጥሩ።

ሲያልቅ በጀርባ በኩል፣ ከታች ወደ ላይ፣ ከሥሩ የእንጨት ማንኪያ እያስገባችሁ በመቀስ ክፈቱት። ማንኪያው የለባሹን ቆዳ ከመቀሱ ይጠብቃል። የተከፈተውን መልሳችሁ በፕላስተር ግጠሙ። የክንድና የታች ቀዳዳዎቹን በካርቶን ድፈኑ። በውስጡ ብጥስጣሽ ጨርቅ ጠቅጥቁ፣ በተለይ ትከሻው ላይ ጥቅጥቅ ይበል። በወፍራም እንጨት ላይ ሰክታችሁ አቁሙት። አሁን የለባሹ ትከሻ ቤታችሁ ውስጥ አለ፤ ግራና ቀኙ እኩል እንዳልሆነም ታያላችሁ። የማንም ሰው ትከሻ እኩል አይደለም።

በዚህ ላይ አቡጀዲውን ጣሉበትና የካባውን ቅርፅ አውጡ። በመርፌ ቁልፍ ያዙት፣ በእርሳስ ስመሩት፣ ቁረጡት። ቆንጆ መሆን የለበትም። ለባሹ ላይ አድርጋችሁ ደግሞ እጁን ያንሳ። የሚጨንቅ ቦታ ካለ አሁን አስተካክሉ፤ አቡጀዲ ርካሽ ነው፣ ጋቢው ግን አንድ ነው።

አንገትጌው

የዚህ ሥራ ልቡ ይኸ ነው። አንገትጌው ክብደቱን ተቀብሎ ትከሻ ላይ ያከፋፍላል። ሽቦ መጠቀም ይቻላል፣ ብዙዎች ይጠቀማሉ። እኔ ግን የእናቶቻችንን የስፌት አሠራር እመርጣለሁ። ቀላል ነው፣ ይታጠፋል፣ ሰው አይወጋም፣ ቢሰበርም ተፈትቶ ይጠገናል። መሶብና ሰፌድ የሚሰፋበት መንገድ ነው፦ መሐል ላይ እምብርት አለ፣ እሱ ይጠቀለላል፣ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ዙር ጋር በወስፌ እየተበሳ ይያያዛል። ልዩነቱ በስንደዶና በአክርማ ፋንታ ሲባጎና ጋቢ መጠቀማችን ነው።

ጋቢ አራት ንብብር ነው። ንብብሩን ለያዩትና አንዱን ለካባው ጨርቅ አስቀምጡ። ሌላውን አራት አራት ሴንቲ እያደረጋችሁ ቁረጡት። ቀጥ ብሎ እንዲቆረጥ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ አንድ ክር ከጫፉ ይዛችሁ ስባችሁ አውጡ፤ የወጣው ክር ቦታውን ጥሎ ይሄዳል፣ መቀሱ በዚያ መስመር ይሄዳል።

ሲባጎውን ብዙ አድርጋችሁ አንድ ላይ ስትይዙት የትንሽ ጣት ውፍረት፣ ማለትም አንድ ሴንቲ ገደማ ይሁን። የአንገቱን ዙሪያ ለኩ። በዚያ ላይ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ጨምሩ፤ አንገትጌው አንገት ላይ ሳይሆን ትከሻ ላይ ነው የሚያርፈው። ፊት ለፊት ክፍት ይሁን፣ እንደ ፈረስ ኮቴ። ለባሹ በገዛ እጁ አውልቆ መውጣት መቻል አለበት። ከኋላ የሚታሰር ነገር ያምራል፣ ሰው የሚረዳ ከሌለ ግን ወጥመድ ነው።

አሁን የመጀመሪያውን መስመር ጠቅልሉ። የጨርቁን ጫፍ በጥቂቱ ወደ ውስጥ እያጠፋችሁ፣ ሲባጎው እንዳይታይ እያደራረባችሁ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙ። ጨርቁ ሲያልቅ አዲሱን በአሮጌው ጫፍ ላይ ደርባችሁ ቀጥሉ፤ ቋጠሮ አታድርጉ፣ ትከሻ ላይ እንደ ጠጠር ይቆረቁራል። መስመሩ ጫፍ ሲደርስ ሲባጎውን እጠፉትና ወደ መጣችሁበት ተመለሱ። ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ ሦስት አራት ጊዜ ከጠመጠማችሁ በኋላ ወስፌውን ያለፈው መስመር ላይ ሰክታችሁ ቀዳዳ አውጡ፣ የጨርቁን ጫፍ በቀዳዳው አሳልፉ፣ ሳቡ። ጨርቁ በቀዳዳው አልሄድ ካላችሁ ጫፉን በፕላስተር አሹሉት። ጣታችሁ ይቃጠላል። ያልፋል።

ቅርጹን የሚወስነው ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ነው። አንድ ሴንቲ ውፍረት ያለው ጥቅል ሙሉ ክብ ሆኖ ዝርግ እንዲተኛ ከፈለጋችሁ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው በስድስት ሴንቲ ገደማ መርዘም አለበት። ከዚያ ካሳጠራችሁት እንደ መሶብ ግድግዳ ወደ ላይ ይነሳል ወይም ያዘቀዝቃል። ካስረዘማችሁት ይንጠራራና ጠርዙ ይወዛወዛል። የሰው ትከሻ ስለሚያዘቀዝቅ ሦስት ወይም አራት ሴንቲ እየጨመራችሁ ሂዱ። በየሁለት መስመሩ የቀዳችሁት አካል ላይ እያስቀመጣችሁ ተመልከቱ። ከሥሩ እጃችሁን አስገቡ፤ አየር ካለ እዚያ ቦታ ላይ ትንሽ አሳጥሩ።

ሆን ብላችሁ ደንቡን መጣስም ትችላላችሁ። በአንድ ትከሻ በኩል አሳጥራችሁ በስተኋላ ከፍ የሚል ክንፍ ማውጣት፣ በሌላው በኩል አስረዝማችሁ እንዲንጠራራ ማድረግ። ልብስ ሰፊነቱ አልቆ ቀራፂነቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። ከሩቅ ቁሙና ጥላውን ግድግዳ ላይ እዩት። ጥላው ካላጓጓችሁ ቆርኪ አያድነውም።

ስምንት ወይም ዘጠኝ መስመር ሲሆን አንገትጌው ዘጠኝ ሴንቲ ያህል ሰፍቷል፤ ይበቃል። ከሥሩ፣ ትከሻ በሚነካው በኩል፣ ለስላሳ ስፖንጅ በአቡጀዲ ጠቅልላችሁ በመርፌ ቁልፍ ያዙት። አትስፉት። ላብ ይጠጣል፣ ወጥቶ መታጠብ አለበት።

ካባውና ቆርኪው

ያስቀመጣችሁትን የጋቢ ንብብር በአቡጀዲው ልክ ቁረጡ፤ አቡጀዲውን ራሱን ገበር አድርጉት። ሁለቱን አንድ ላይ ዘምዝሙ። ከአንገትጌው የመጨረሻ መስመር ጋር በወፍራም ክር፣ በየሴንቲው እየበሳችሁ አያይዙ። ጋቢ ብቻውን የቆርኪ ክብደት አይችልም። ክብደቱን የሚሸከመው ገበሩ ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ስፌት ሁለቱንም መያዝ አለበት።

ወደ ቆርኪው። ከውስጡ ያለችው ስስ ፕላስቲክ በፈላ ውሃ ውስጥ ትንሽ ከቆየች በቢላ ጫፍ ትነሳለች። ቆርኪ ዙሪያውን 21 ጥርስ አለው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጡና ጥርሱን በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ወደ ውስጥ አጥፉት፤ በኃይል ከመታችሁት ቀለሙ ይላጣል። ጠርዙን በጣታችሁ ፈትሹ። የሚቧጭር ካለ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ከዚያ እንጨት ላይ አድርጋችሁ ከቀለሙ በኩል በሚስማር ብሱት። የሹሉ ቅሪት ወደ ጀርባ ይወጣል፤ ገልብጣችሁ አንዴ በመዶሻ ንኩት። ይህችን ምት የዘለለ ሰው ክሩ በወሩ ሲበጠስ ያያል፣ ያ ሹል ነገር ቀን ከሌት ክሩን እየከረከረ ነውና።

ጋናዊው ኤል አናትሱይ ከናይጄሪያዋ ንሱካ ሆኖ የአረቄ ጠርሙስ ክዳኖችን እየቀጠቀጠ፣ እየበሳ፣ በመዳብ ሽቦ እርስ በርስ እያያዘ ግድግዳ የሚያህል ነገር ሠርቷል። በ2015 ቬኒስ ቢየናሌ ከተባለው የጣሊያን ትልቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት ለዕድሜ ልክ ሥራው የወርቃማ አንበሳ ሽልማት አግኝቷል። ከእሱ የምንወስደው ብልሃት ማያያዣው ነው። የመዳብ ሽቦ ቀለበት ላላ ብሎ ከታሰረ ብረቱ ራሱ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ጠበቅ ካለ ቆርቆሮ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቆርኪውን በቀጥታ ጨርቁ ላይ አትስፉት። በሽቦ ትንሽ ቀለበት ሥሩለት፣ ቀለበቱን በጠንካራ ክር ጨርቁ ላይ ስፉ። የሽቦው ጫፍ በፒንሳ ተጠምዞ ወደ ውስጥ ይታጠፍ።

አደራደሩ እንደ ጎጆ ክዳን ነው፦ ከታች ይጀመራል፣ የላዩ ረድፍ የታቹን እግር ይሸፍናል። የካባው የታች ጠርዝ 120 ሴንቲ ቢሆን፣ በየሁለት ሴንቲው አንድ ቆርኪ፣ የመጀመሪያው ረድፍ 60 ቆርኪ ይበላል። ወደ ላይ በሄዳችሁ ቁጥር ይጠባል። አምስት ረድፍ 300 ሳይሞላ ያልቃል። ካባውን በሙሉ መሸፈን አያስፈልግም። ነጩ የጋቢ ሜዳ ታይቶ ታች ላይ ብረቱ ሲያብለጨልጭ የበለጠ ያምራል ባይ ነኝ።

ስትሰፉ በየአምስት ቆርኪው ክሩን ቋጥራችሁ ቁረጡና በአዲስ ጀምሩ። መሰላቸቱ ይገባኛል። ነገር ግን መድረክ ላይ አንድ ክር ቢበጠስ አምስት ቆርኪ ይወድቃል እንጂ ረድፉ ሁሉ አይረግፍም።

ቆርኪ ግዴታ አይደለም። ከቲሸርት የሚወጣ ክር ለወራጅ ዘርፍ አሪፍ ነው፦ ከብብት በታች ያለውን በሁለት ሴንቲ ስፋት ዙሪያውን ሳታቋርጡ ቁረጡት፣ ከዚያ በኃይል ሳቡት፤ ጠርዙ ራሱ ተጠቅልሎ ድቡልቡል ገመድ ይሆናል። የማዳበሪያ ከረጢት ማጉን እየሳባችሁ ብታወጡት የሚያብረቀርቅ ዘርፍ ይሰጣችኋል። ካውያ አታስነኩት፣ ይቀልጣል፤ ፀሐይ ላይም አታቆዩት፣ ከጊዜ በኋላ እየተፈረፈረ ይወድቃል። ዛጎልና ዶቃ እንዳማራችሁ። ሙጫን በተመለከተ ግን አቋሜ ግልጽ ነው፦ በሚንቀሳቀስ ሰው ላይ ሙጫ አይታመንም። በክር የሰፋችሁትን ብቻ እመኑ።

ድምፁ

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሳይደርስ ያቆማል። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም የሚለበስ ቅርፅ ከሚቆም ቅርፅ የሚለየው በዚህም ነው።

ቆርኪው ፕላስቲኳ ከወጣች ጠራ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ካልወጣች የታፈነ ነው። ጀርባና ጀርባ የገጠሙ ሁለት ቆርኪዎች በአንድ ቀለበት ላይ ከተንጠለጠሉ እንደ ጸናጽል ይንሿሿሉ። ሁሉንም እንዲህ ካደረጋችሁ ግን ለባሹም ተመልካቹም ይሰለቻል። የፊቱን ዝም አሰኙት፣ የኋላውን አስጩኹት፤ ለባሹ ዞር ሲል ብቻ ይሰማል። ወይም ግራውን በቆርኪ፣ ቀኙን በጨርቅ ዘርፍ። ለባሹ በጨለማ ክፍል ውስጥ ይራመድና እናንተ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። የማትፈልጉት ጩኸት ካለ ከኋላው ቁራጭ ጨርቅ ሸጎጥ ማድረግ ይበቃል።

ከመልበሱ በፊት መፈተሽ

ካባውን ያዙትና አራግፉት። በደንብ። የሚረግፍ ነገር ቤት ውስጥ ይርገፍ። ከዚያ ለባሹ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይልበሰውና ሲያወልቅ ትከሻውን እዩ። የቀላ መስመር ካለ እዚያ ቦታ ላይ አንገትጌው ጠርዙን እየጫነ ነው፤ ስፖንጁን አወፍሩ።

የፊት ማሰሪያው በአንድ እጅ፣ ሳያዩ፣ ቶሎ መፈታት አለበት። ጠንካራ ቋጠሮ አታድርጉበት። የሆነ ነገር ቢይዘው፣ የመኪና በር ወይም የደረጃ መያዣ፣ ራሱ መለቀቅ አለበት። ፊት የሚሸፍን ነገር ከጨመራችሁ ለባሹ ወደ ታች ማየት መቻሉን አረጋግጡ፤ ሰው መድረክ ላይ የሚወድቀው የሚረግጠውን ስለማያይ ነው።

እሳት ነገር ላይ አልደራደርም። ጥጥ፣ ቃጫ፣ ሲባጎ፣ ፕላስቲክ ሁሉም ይነዳሉ፣ ፕላስቲኩ ደግሞ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሻማ ባለበት መድረክ፣ ደመራ ዙሪያ፣ ከሰል ምድጃ አጠገብ ይህን ካባ ለብሶ መቆም የለም። የፎቶ ባለሙያው «እሳቱ ከኋላ ቢሆን ያምራል» ቢልም የለም።

ማስቀመጥና ማጓጓዝ

በማንጠልጠያ አትስቀሉት። የማንጠልጠያው ሁለት ጫፍ ክብደቱን በሙሉ ይይዝና አንገትጌውን ያጣምመዋል። የቀዳችሁት አካል ላይ ይቀመጥ፣ በላዩ አሮጌ አንሶላ ጣሉበት፤ ፕላስቲክ ከሆነ እርጥበት ያፍናል፣ ቆርኪው ይዝጋል። በክረምት በየጊዜው አውጥታችሁ አናፍሱት። ብል እንዳይበላው ናፍታሊን በጨርቅ ቋጥራችሁ አጠገቡ አድርጉ፣ ከመልበሳችሁ በፊት ግን ደጅ ይዋል።

አይታጠብም። የጋቢው ክፍል ቢቆሽሽ በእርጥብ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጉት። ስፖንጁ ብቻ ነው የሚታጠበው።

ለጉዞ ካርቶን ውስጥ ይግባ። አንገትጌው መሐል ላይ የተጨማደደ ጨርቅ ሙሉበት፣ ቆርኪዎቹ መሐል አቡጀዲ አንጥፉ። ወደ ውጭ አገር የምትልኩ ከሆነ ላባ፣ ጥሬ ቆዳ ወይም የደረቀ ሣር ከመጨመራችሁ በፊት የተቀባዩን አገር ደንብ ጠይቁ፤ በብዙ አገር እንዲህ ያለ ነገር ጉምሩክ ላይ ይያዛል። በገበሩ ውስጥ ትንሽ ኪስ ስፉና ሃያ ትርፍ ቆርኪ፣ ጥቂት ሽቦ፣ ክር የገባባት መርፌ አስቀምጡባት። መድረክ ጀርባ መርፌ ያለው ሰው ማግኘት ከባድ ነው።